ሁሉን ያቀፈው ስብሰባ ማንን አቀፈ?

«ሁሉን ያቀፈ» የሚል ቃል በጨርቅ ላይ ጽፎ ከአዳራሽ በር በላይ መስቀል ቀላል ነገር ነው። ጨርቁም ርካሽ ነው፤ ቀለሙም ርካሽ ነው። የሚከብደው ከጨርቁ ሥር ማን እንደሚገባ፥ ማን በር ላይ እንደሚቀር፥ ማንስ ጥሪው ጨርሶ እንዳልደረሰው መመርመር ነው። እኛ በዚህ እትም በሰሜን ናይጄሪያ፥ በካኖ፥ በካትሲና፥ በዛሪያና በሶኮቶ፥ በሐውሳ ተናጋሪው ሕዝብ መካከል ወጣቶችን ለማብቃት እየተባለ ስለሚጠራው ስብሰባ የምንጽፈው ይህን ምርመራ ለማድረግ ነው። አቋማችንንም ከመጀመሪያው እንናገራለን፤ ተጋባዡ በጥሪው ላይ ያልወሰነበት ስብሰባ ሁሉን ቆጠረ ይባላል እንጂ ሁሉን አቀፈ አይባልም። (በጽሑፋችን ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተለመደውን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስብሰባው በሆቴል አዳራሽ ይጠራል። የፊቱ ረድፍ ለክቡራን ይጠበቃል፤ ክቡራኑ እስኪመጡም ወጣቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ይደረጋል። በመጨረሻ የስፌት መኪና፥ የወፍጮ ሞተርና ሞተር ቢስክሌት ይታደላል፤ በየዕቃውም ላይ የሰጪው ፎቶግራፍ ተለጥፎ ይታያል። በናይጄሪያ ፖለቲካ «ማብቃት» የሚለው ቃል የዚህ ዕደላ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በእኛ ቋንቋ ማብቃት ሁለት ፍች አለው፤ አንድም ለቁም ነገር ማድረስ ነው፥ አንድም ማለቅና መቅረት ነው። ወንበሩ ሲነሣ ነገሩም አብሮ የሚነሣ ከሆነ፥ ወጣቱ የደረሰው ሁለተኛው ፍች ነው።

«የካኖ ስብሰባ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። በመሠረቱ ሐውሳና አማርኛ በሩቅም ቢሆን ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ታላቅ የቋንቋ ቤተሰብ የወጡ ናቸውና ሐውሳው «ሙቱ» ሲል እኛ «ሞተ» እንላለን። ከዚህ የበለጠ ግን የሚያስተሳስረን ሌላ ነገር አለ። በ2003 በካኖ የልጅነት ልምሻ ክትባት በተቋረጠ ጊዜ በሽታው ከሰሜን ናይጄሪያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች ተዛመተ፤ በሱዳን በኩል አድርጎም በ2004 መጨረሻ ኢትዮጵያ ገባ። በካኖ ሕዝቡና የበላዮቹ ስላልተማመኑ በእኛ አገር የልጅ እግር ሰለለ። እንግዲህ የሩቅ ነገር ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ክትባቱ የተቋረጠው ሕዝቡ ደንቁሮ ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። በ1996 በዚያው በካኖ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ በታመሙ ሕፃናት ላይ የመድኃኒት ሙከራ ተደርጎ ነበር። ወላጆች «በልጆቻችን ላይ የተደረገው በቅጡ አልተነገረንም» ብለው እስከ ፍርድ ቤት ደረሱ። አንድ ጊዜ ሳይጠየቅ የተደረገበት ሕዝብ ሁለተኛ «ለጥቅምህ ነው» ሲባል ቢጠራጠር ይፈረድበታል? በመጨረሻ ክትባቱ ወደየቤቱ የገባው ኢማሞች፥ የቀበሌ ሽማግሌዎች፥ እናቶችና በበሽታው የተጎዱት ሰዎች ራሳቸው የሥራው ባለቤት በሆኑ ጊዜ ነው። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከበሽታው ተፈጥሯዊ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተነገረ። ስብሰባ የሚጠራ ሁሉ ከዚህ ሊማር ይገባዋል።

አሁን ያለው ጉዳይ ቀላል አይደለም። በነሐሴ 2024 የኑሮ ውድነትና ረኀብ ያስመረረው ወጣት በካኖ፥ በካዱና፥ በካትሲናና በሌሎችም ከተሞች አደባባይ ወጣ። በኅዳር ወር መጀመሪያ 76 ተከሳሾች በአቡጃ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ከነሱም መካከል ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 የሆነ ልጆች ነበሩ። ክሱ አገር መክዳትን የሚጨምር፥ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ነበር። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ገና ቃላቸውን ሳይሰጡ በችሎቱ ፊት በድካም ወደቁ። ጩኸቱ በበረታ ጊዜ ክሱ ተሠረዘ። እነዚህ ልጆች «ወጣቱን እናብቃ» በሚባልበት አዳራሽ ወንበር ነበራቸው? በአዳራሽ ያልተሰማ ወጣት በአደባባይ ይሰማል፤ በአደባባይ የተሰማውን ደግሞ ችሎት ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው የወንበር ነገር የሕይወት ነገር ነው የምንለው።

ሕጉ በሩን ከፍቷል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በግንቦት 2018 በናይጄሪያ የወጣው ሕግ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ለመወዳደር የሚጠየቀውን ዕድሜ ከ30 ወደ 25 ዝቅ አደረገ፤ ለፕሬዚዳንትነትም ከ40 ወደ 35። ይህ የወጣቶች ትግል ያስገኘው ድል ነው። ነገር ግን የተከፈተ በር ላይ ለመድረስ መንገድ ያስፈልጋል። መንገዱ የሚጠረገው ደግሞ በቋንቋ፥ በሰዓት፥ በቦታና በገንዘብ ነው። እስቲ በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ቋንቋውን። ሐውሳ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚናገረው፥ በገበያም፥ በመስጊድም፥ በራዲዮም የሚሠራበት ቋንቋ ነው። «ጋስኪያ ታ ፊ ክዋቦ» የተባለው የሐውሳ ጋዜጣ የተቋቋመው በ1939 ነው፤ ስሙም እውነት ከሳንቲም ትበልጣለች ማለት ነው። የቢቢሲ የሐውሳ ስርጭት ከ1957 ጀምሮ ሲደመጥ ኖሯል። ዓለም ለሐውሳው በሐውሳ ሲናገር፥ በገዛ ከተማው የሚጠራው ስብሰባ በእንግሊዝኛ የሚናገረው ለማን ነው? ለገንዘብ ሰጪው ሪፖርት አይደለምን?

በዚህ ላይ በየመንገዱ ሳህን ይዘው የሚዞሩት አልማጂራይ አሉ። ወላጆቻቸው ከገጠር ለማላም ሰጥተዋቸው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርዓን የሚማሩ ልጆች ናቸው። በቆጠራ ጊዜ «ያልተማሩ» ተብለው ይመዘገባሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ የዓረብኛውን ፊደል ያውቃሉ፤ ሐውሳም ለብዙ ዘመን በዚሁ ፊደል፥ «አጃሚ» በሚባለው አጻጻፍ ሲጻፍ የኖረ ቋንቋ ነው። የጥሪውን ወረቀት በላቲኑም በአጃሚውም ማባዛት የሚጠይቀው ሁለተኛ ስቴንስል ብቻ ነው። ይህን ያላደረገ አዘጋጅ «አልማጂራዩ አልመጡም» ብሎ ሊያማርር አይችልም። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ እነዚህን ልጆች በካሚዮን ጭኖ ወደየመጡበት ለመመለስ የተቸገረ መንግሥት አልነበረም። ለመመለስ ካሚዮን ከተገኘ ለመጥራት ወረቀት እንዴት ይታጣል?

ሁለተኛ የሴቶቹን ነገር እንመልከት፤ በዚህም ላይ ከሁለት ወገን ጋር እንከራከራለን።

አንደኛው ወገን «ሴት ወደ ጉባኤ መውጣቷ ለባህሉም ለሃይማኖቱም ባዕድ ነው» ይላል። ታሪክ ግን በተቃራኒው ይመሰክራል። የሶኮቶን መንግሥት የመሠረተው የሼህ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ልጅ ናና አስማኡ (1793–1864) በዓረብኛ፥ በፉልፉልዴና በሐውሳ የጻፈች ሊቅ ነበረች። «ያን ታሩ» የተባለውን የሴቶች የትምህርት ማኅበር አቋቁማ፥ «ጃጂ» የሚባሉ ሴት መሪዎችን አሠለጠነች። ጃጂዋ ትምህርቱን በግጥም በቃሏ ይዛ፥ የማዕረጓን የሣር ባርኔጣ ደፍታ፥ ከግቢ ያልወጣችውን ሴት በግቢዋ ታስተምራት ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ የተሠራን ሥራ ዛሬ «ባዕድ» የሚል ሰው የሚጠብቀው ባህሉን አይደለም፤ ሥልጣኑን ነው። የዛሪያዋ ጋምቦ ሳዋባም በገዛ አገሯ ለሴቶች መብት ስትናገር በተደጋጋሚ ወኅኒ ወረደች እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣች አልነበረችም። የደቡብ ናይጄሪያ ሴቶች በ1950ዎቹ ድምፅ መስጠት ሲጀምሩ የሰሜኗ ሴት ግን እስከ 1976 ድረስ መጠበቋን አንርሳ።

ሁለተኛው ወገን የእኛው ዓይነት ተማሪ ነው። «ወንድና ሴት ጎን ለጎን በአንድ አዳራሽ ካልተቀመጡ እኩልነት የለም፤ ያልመጣችው የራሷ ጥፋት ነው» ይላል። ይህም ስንፍና ነው። በ«ኩሌ» ሥርዓት በግቢ የምትኖር ባለትዳር አለች፤ ከቀትር በኋላ ራሷ ላይ ትሪ ይዛ የምትዞር፥ «ታላ» የምትወጣ ልጅ አለች፤ ልጅ ያዘለች የ18 ዓመት እናት አለች። የአባትዬውም ፍርሃት ሁሉ ኋላ ቀርነት አይደለም። በታኅሣሥ 2020 በካትሲና ክፍለ ሀገር በካንካራ ከሦስት መቶ በላይ ወንዶች ልጆች፥ በየካቲት 2021 በዛምፋራ በጃንጌቤ 279 ልጃገረዶች ከትምህርት ቤታቸው በታጣቂዎች ተወስደዋል። ለዚህ አባት «ልጅህን እስከ ማታ ላካት» ማለት ድፍረት ነው። እንግዲህ ጃጂዋ እንዳደረገችው መጀመሪያ ወደ ሴቶቹ መሄድ ይገባል። በግቢያቸው ይምከሩ፤ ተወካዮቻቸውን ራሳቸው ይምረጡ፤ ሰዓቱን ራሳቸው ይቁረጡ፤ መጓጓዣው ጀምበር ሳትጠልቅ ይመልሳቸው፤ ሕፃናቱ የሚያርፉበት ክፍል ይኑር። በወንበር ረድፍ መለየት ቢፈልጉ ይለዩ፤ በዚህ አንጣላም። የማንቀበለው በአጀንዳ መለየትን ነው። ወንዶቹ ስለ በጀትና ስለ ሥራ ሲመክሩ ሴቶቹን ስለ ሳሙና አሠራር ብቻ ማስተማር በአንድ ጣሪያ ሥር የታጠረ ሌላ አጥር ነው። ረድፉ ሁለት ይሁን፤ ድምፁ ግን አንድ ሣጥን ይግባ።

ሦስተኛ የአካል ጉዳተኞች ነገር። የሐውሳ ከተሞች በዚህ ረገድ ብዙ አገር የሌለው ነገር አላቸው። ዓይነ ስውሮች «ሳርኪን ማካፊ» የሚባል አለቃ አላቸው፤ የእግር ጉዳተኞች «ሳርኪን ጉራጉ»፥ መስማት የተሳናቸው «ሳርኪን ኩራሜ» አላቸው። ከአዘጋጁ ኮሚቴ ቀድመው የተደራጁ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን ስለ እነሱ የሚመክር ኮሚቴ ሲቋቋም እነሱን የሚጠራ የለም፤ የሚጠሩት ምጽዋት በሚታደልበት ቀን ነው። በጥር 2019 የጸናው የናይጄሪያ ሕግ የአካል ጉዳተኛን ማግለል ይከለክላል፤ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችም በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲስተካከሉ አዝዞ ነበር። አምስቱ ዓመት በ2024 መጀመሪያ አለቀ። እንግዲህ ደረጃ ብቻ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ «ሁሉን ያቀፈ» ስብሰባ የሚጠራ ሰው ሕግም ቃሉንም ያፈረሰ ነው። በካኖ የልጅነት ልምሻ ያገኛቸው ሰዎች ራሳቸው ብረት በይደው በእጅ የሚነዳ ባለሦስት ጎማ ጋሪ ሲሠሩ ኖረዋል። ጋሪውን ሠርቶ እስከ በር የመጣን ሰው፥ በደረጃው ተሸክሞ ማስገባት ክብር አይደለም፤ ምድር ቤት መሰብሰብ ነው ክብሩ።

ስለ መስማት የተሳናቸው አንድ ነገር እንጨምር። አዘጋጆች አንዳንዴ በጎ አስበው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስመጣሉ። አስተርጓሚው የሚያውቀው በትምህርት ቤት የሚሰጠውን፥ ከአሜሪካኑ የመጣውን የምልክት ቋንቋ ነው። የካኖ ሰዎች ግን ከጥንት ጀምሮ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት «ማጋናር ሃኑ» አላቸው፤ የእጅ ንግግር ማለት ነው። ትምህርት ቤት ያልገባው ወጣት የሚያውቀው ይህን ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው በመድረክ ላይ ሲያወናጭፍ ፎቶው ያምራል፥ ወጣቱ ግን እንደ መጣ ይመለሳል። ጥፋቱ የሰዎቹን ቋንቋ ሰዎቹን አለመጠየቅ ነው።

አራተኛ የሃይማኖቱ ነገር። ሐውሳ ተናጋሪ ሁሉ ሙስሊም ነው ብሎ የሚያስብ አገሩን አያውቀውም። ክርስቲያን ሐውሳዎች አሉ፤ ማጉዛዋ የሚባሉት አሉ፤ በካኖ ሳቦን ጋሪ ሰፈር ተወልደው ሐውሳን እንደ እናት ቋንቋቸው የሚናገሩ የደቡብ ሰዎች ልጆች አሉ። በ2000 በካዱና የተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ ከተማው በወንዙ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ሙስሊሙ ወደ ሰሜን፥ ክርስቲያኑ ወደ ደቡብ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ያደገ ወጣት ጎረቤቱን የሚያውቀው በወሬ ነው። በዚያው ከተማ ኢማም ሙሐመድ አሻፋና ፓስተር ጄምስ ዉዬ፥ ቀድሞ በተቃራኒ ታጣቂዎች መካከል የነበሩ ሰዎች፥ በ1995 የሃይማኖቶች የሽምግልና ማዕከል አቋቁመዋል። ፓስተሩ በግጭቱ እጁን፥ ኢማሙ መምህሩንና ዘመዶቹን ያጡ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ፥ የአርብን ጸሎትና የእሑድን ቅዳሴ የማይነካ ቀን መምረጥ ለአንድ ኮሚቴ ይከብደዋል?

አምስተኛና ዋነኛው የገንዘቡ ነገር ነው። የስፌት መኪና አንጠላም፤ ልብስ ሰፊዋም አትጠላውም። የምንጠላው በመኪናው ላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍ ነው። ስጦታ ሰጪውን ጌታ፥ ተቀባዩን ደጅ ጠኚ ያደርጋል፤ ደጅ ጠኚ ደግሞ ሒሳብ አይጠይቅም። በ1950 በካኖ የተቋቋመው፥ በኋላም በማላም አሚኑ ካኖ የተመራው የ«ኔፑ» ፓርቲ ይህን ነገር በግልጥ አውጥቶ ነበር፤ «ታላካዋ» የተባለው ተራው ሕዝብ ነፃ የሚወጣው በገዢዎች ቸርነት ሳይሆን በራሱ ትግል ነው ብሎ አወጀ። ሥልጣን የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ሥልጣን ባልሆነ ነበር። ወጣቱ የሚበቃው በጀቱ ስንት እንደ ሆነ፥ ለአዳራሽ ስንት፥ ለክቡራን አበል ስንት፥ ለመጓጓዣው ስንት እንደ ወጣ በሐውሳ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ሲለጠፍና «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ገንዘብ ሰጪው የወሰነው ቀን ያልፋል» የሚሉ አሉ። እንግዲያው ይለፍ! ለቀኑ ሲባል ሰዉን መተው ሠርጉን አሳምሮ ሙሽራዋን እንደ መርሳት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚጠራ ሁሉ የሚከተለውን እንዲፈጽም እንጠይቃለን።

1. የአዘጋጅ ኮሚቴው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሴቶች፥ ከአካል ጉዳተኞች፥ ከአልማጂራይና ከአናሳ ሃይማኖቶች በየወገናቸው የተመረጡ፥ ድምፅ ያላቸው አባሎች ይኑሩት።

2. የስብሰባው ቋንቋ ሐውሳ ይሁን፤ ትርጉም የሚያስፈልገው እንግዳው ይሁን። ጥሪው በላቲንና በአጃሚ ይባዛ፤ በራዲዮም ይነገር።

3. ቦታው ምድር ቤት፥ ሰዓቱ የጸሎቱን ጊዜና የመመለሻውን መንገድ ያገናዘበ ይሁን።

4. የክቡራን ረድፍ ይቅር። ባለሥልጣን የመጣ እንደሆነ ይስማ፤ መጨረሻ ላይ ለተጠየቀው ይመልስ።

5. ሒሳቡ በአደባባይ ይለጠፍ። ከሦስት ወር በኋላም ያው ጉባኤ ተመልሶ ተሰብስቦ «ከተወሰነው ምን ተፈጸመ?» ብሎ ይጠይቅ።

ከመዝጋታችን በፊት ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። በየአዳራሹ «የወጣቱ ተወካይ» እየተባለ መናገሪያውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ማን ነው? ክራቫት ያሠረው፥ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፈው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይደለምን? በካኖም ሆነ በአዲስ አበባ ያ ሰው የእኛ አምሳያ ነው። ትሪ የተሸከመችውንና ሰሌዳ የያዘውን ሳንጠይቅ ስለ እነሱ ስንናገር፥ እኛም ከፎቶግራፍ ለጣፊዎቹ ብዙ አንርቅም። መናገሪያውን ማቀበል መማር አለብን፤ ይህ ደግሞ ንግግር ከማድረግ ይከብዳል።

ሐውሳዎች አንድ እጅ የጎጆ ክዳን አያነሣም ይላሉ። ክዳኑ ከባድ ነው፤ ከውጭ የቆሙትም እጆች ብዙ ናቸው። ጎጆው እንዲቆም የሚፈልግ ሁሉ በሩን ይክፈት!